የጓዳ ብስጭቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምግብ ማብሰል የጀመርኩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን መኖር ስጀምር ነው። ከዚያ በፊት እንጀራ ማለት ለእኔ ሌማት ተከፍቶ የሚገኝ ነገር ነበር። አሁን ጓደኞቼ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ፣ ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሳትቀር «እሱ ይሄን ነገር ያውቃል» እያሉ ይጠይቁኛል። ያወቅኩት ብዙ ስላበላሸሁ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። ብዙ ጊዜ «ጤፉ ነው»፣ «ሠራተኛዋ ናት»፣ «የሰው ዓይን ነው» ብለን የምንከሳቸው ሁሉ ነፃ ይወጣሉ፤ ቀድሜ ልንገራችሁ።

እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለ። ጤፉ ተቀላቅሎብኝ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ግን ጤፉን ከመክሰሳችሁ በፊት አብሲቱን ጠርጥሩ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አብሲት ሳልጥል ነበር የምጋግረው። እማዬ በስልክ «ትንሽ አፍልተህ መልስበት» ስትለኝ፣ ብትፈልግ አድርገው ካልፈለግክ ተወው ዓይነት ነገር መስሎኝ ነበር። የወጣው እንጀራ ቆዳ ይመስል ነበር። ጎረቤቴ እማማ አንዷን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቧትና «ይቺ ጫማ ይወጣታል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊጡ ሲቦካ ጋዝ ይፈጥራል። ምጣዱ ላይ ሲፈስ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ እየሸሹ ቀዳዳ ትተው ይሄዳሉ። ዓይን የምንለው ያንን ነው። ጤፍ ግን እንደ ስንዴ ተለጥጦ ጋዝ የሚይዝ ግሉተን የለውም። ያንን ሥራ የሚሠራለት አብሲቱ ነው፤ ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ እንደ ሙቅ ወፈር ሲል ተመልሶ የሚቀላቀለው ማለቴ ነው። ትኩሱን ከመለሳችሁት እርሾውን ትገድሉታላችሁ። ጣታችሁን አስገብታችሁ ለብ ያለ ሲሆን ብቻ መልሱት። ከዚያ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው፤ እንደ ቤቱ ሙቀት ግማሽ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊወስድ ይችላል።

ወቅቱንም አትርሱ። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ሊጥ ራሱ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። በበጋ በሁለት ቀን የሚደርሰው ቡሖ በክረምት ሦስት አራት ቀን ሊጠይቅ ይችላል፣ እና «ትናንት ነው መጋገር የነበረብኝ» እያላችሁ ቀን ከምትቆጥሩ ሽታውንና ላዩ ላይ የሚጠልለውን ውሃ እያያችሁ ብትወስኑ ይሻላል። የእኔን ባልዲ አሮጌ ጃኬት አለብሰዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ፤ ግን ይሠራል።

የመጨረሻው ጥፋት ችኮላ ነው። ሊጡን ካዞራችሁ በኋላ ዓይኑ ከዳር እስከ መሀል ሲፈነዳ ሳታዩ አክንባሎውን አትክደኑ። ቶሎ ከከደናችሁ እንፋሎቱ ላዩን ቀድሞ ያበስለውና ዓይኑ እንደተጨፈነ ይቀራል። ምጣዱ ሳይግል ካዞራችሁም እንደዚያው። ሊጡ ከወፈረም እንደዚያው። የመጀመሪያዋ እንጀራ ደግሞ አትቆጠርም፣ ማሟሻ ናት። እሷን አይታችሁ ባልዲውን ወደ መደፋት እንዳትሄዱ።

እንጀራው ምጣዱ ላይ ተለጥፎ አልነሳ ይለኛል።

በሳሙና አጥባችሁታል አይደል? የሸክላ ምጣድ ውሃውንም ሳሙናውንም ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ እንደገና ማሟሸት ነው። ምጣዱን አግላችሁ የተፈጨ ጎመን ዘር በማሰሻ ጨርቅ ደጋግማችሁ እሹት፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ እስኪሆን። የተጣበቀ ቅሪት ካለ በደረቅ ጨው ፈትጉት እንጂ በሽቦ አትቧጥጡት። አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ በዚያው ቀን እንግዳ የጠራችሁ ሰዎች ደግሞ ድፍረታችሁን አደንቃለሁ።

ዘይት ይተካዋል ወይ ለሚሉኝ፤ ለችግር ጊዜ ይተካል። ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። በዘይት የራሰ ምጣድ ላይ የወጣ እንጀራ ታቹ ጥብስ ይሆናል።

ምጣድ በሰካሁ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። የሕንፃው ችግር ነው?

የሂሳብ ችግር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ተራ የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ደግሞ ቢበዛ ያንኑ 16 አምፒር ነው፤ ማለትም ምጣዱ ብቻውን ጣሪያ ነክቷል። ላዩ ላይ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ስትጨምሩ 25 አምፒር ገባችሁ። ብሬከሩ ወርዶ ቤታችሁን ከእሳት እያዳነላችሁ ነው፣ እናንተ ትሰድቡታላችሁ።

ይህን የተማርኩት በአፍንጫዬ ነው። አንድ ቅዳሜ ምጣዱን ከመርካቶ በርካሽ በገዛሁት ማከፋፈያ ላይ ሰክቼ እየጋገርኩ፣ አራተኛዋ እንጀራ ላይ የዓሣ ዓይነት ሽታ መጣ። ዓሣ ቤት ውስጥ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ስፒናው ቀልጦ ከማከፋፈያው ጋር አንድ አካል ሆኗል። እንዲህ ያለ ሽታ ካሸተታችሁ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ስፒናውን በእጅ ለመንቀል አትታገሉ። ከዚያ በኋላ ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ የራሱ መስመር አስዘረጋሁ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የከፈልኩት ቆጭቶኝ አያውቅም።

በካርድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ቀሪውን እዩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብትጋግሩ እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ካርድ እሁድ ከሰዓት ነው የሚያልቀው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ምጣዱ ላይ ያለችው ትበስላለች። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከድናችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ምናልባት አንድ ሳሳ ያለች ደግማችሁ ታወጣላችሁ። ከዚያ በኋላ አትሞክሩ፣ ሊጥ ማባከን ነው። የተረፈውን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። በማግስቱ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ደፍታችሁ ትንሽ አብሲት አድሱለት። ኮምጠጥ ይላል። ከወጥ ጋር ማንም አያውቅም።

እንጀራው በሁለተኛው ቀን ሻገተ። ፍሪጅ ባስገባው ደግሞ ይፈረፈራል። ምን ይሻላል?

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሻጋታው ብዙ ጊዜ ከእርጥበት ነው። ትኩሱን ደራርባችሁ ፌስታል ውስጥ ካሰራችሁት ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ ለሻጋታ ድግስ ነው። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይደራረብ። ሞሰቡንም አልፎ አልፎ ፀሐይ አስጡት፤ ያለፈው ሳምንት ሻጋታ እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ተቀምጦ አዲሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የሻገተውን ጥግ ቆርጦ ቀሪውን መብላት የለመድን ብዙ ነን፣ እኔም ነበርኩበት። ትቼዋለሁ። እንጀራ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ የሻጋታው ክር ዓይን ከሚያየው በላይ ዘልቆ ይገባል።

መፈርፈሩ ሌላ ነው። እንጀራም ዳቦም ፍሪጅ ውስጥ ሻጋታው ይዘገያል፣ ድርቀቱ ግን ይፈጥናል። በስሎ የነበረው ስታርች ቅዝቃዜው ላይ መልሶ ይጠነክራል። ፍሪዘር ከፍሪጅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በረዶው ነገሩን ባለበት ያቆመዋል። በየመሀሉ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ እያደረጋችሁ፣ ለአንድ ቀን የሚበቃችሁን ያህል ለየብቻ ጠቅልላችሁ አስገቡ። ስታወጡት ራሱ ይቅለጥ፣ ከዚያ በእንፋሎት ሞቅ አድርጉት። ውጭ አገር ያሉት ዘመዶቻችን ወር ሙሉ የሚበሉት እንዲህ አድርገው ነው።

የደረቀው ፍርፍር ይሆናል። ከዚያ የባሰው ድርቆሽ ይሆናል።

ሽንብራና ባቄላ ቀኑን ሙሉ ጥጄ አልበስል ይለኛል።

ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። የፈለጋችሁትን ያህል እሳቱን ብታበዙት ክዳኑ ክፍት በሆነ ድስት ከዚያ አያልፍም። ቶሎ ይተንና ታቹ ያርራል እንጂ። ድሬዳዋ ያለ ሰው በዚያው ሽንብራ ቶሎ የሚገላገለው ውሃው እዚያ በ96 አካባቢ ስለሚፈላ ነው። ለዶሮ የሚቀቀለው እንቁላልም እዚህ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው በለመደው ሰዓት ቀቅሎ ሲልጠው መሀሉ የሚፈስበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ ፕሬሸር ኩከር። ፕሬሸር ኩከር ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ይግቡ፤ ጎምዛዛ ነገር ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬው ግትር ይላል። ሶዳ በጣት ጫፍ ብትጨምሩ ያፈጥነዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ገንፎ ይሆናል፣ ሳሙና ሳሙናም ይላል። ሁለትና ሦስት ዓመት ጎተራ የከረመ ሽንብራ ከሆነ ግን ማንም አያድናችሁም።

ሽንኩርት ስከትፍ አለቅሳለሁ።

ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ የሚከተፍበት አገር ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ሽንኩርቱ ሲቆረጥ የሚወጣው ጋዝ ዓይን ውስጥ ካለው እንባ ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል። ቢላውን አስሉ፤ የደነዘ ቢላ ይጨፈልቀዋል፣ ጋዙም ይበዛል። ከመክተፋችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። መስኮት ክፈቱ። ክብሪት ጥርስ ላይ መያዝ የሚባለውን ሞክሬዋለሁ፣ ያገኘሁት ነገር ክብሪት የነከሰ የሚያለቅስ ሰው መምሰል ብቻ ነው።

ሽሮ ለምንድን ነው ግድግዳው ላይ የሚተፋው?

ወፍራም ስለሆነ። እንፋሎቱ እንደ ተራ ውሃ ቀስ እያለ መውጣት አይችልም፣ ታች ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ትንሽ ኤርታሌ። እሳቱን ቀንሱ፣ ድስቱ ጎድጓዳ ይሁን፣ ማማሰያው ታቹን ይንካ፣ ክዳኑ ገርበብ ይበል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ሽሮ አትሥሩ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ ጥሼዋለሁ።

ቡናው ይገነፍላል። ካልገነፈለ ደግሞ አተላው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል።

የጀበና አንገት ጠባብ ስለሆነ አረፋው መሄጃ የለውም፣ እስከ አንገቱ ከሞላችሁት መገንፈሉ የተጻፈ ነው። ጎድሎ ይጣድ። ሽቅብ ሲል ከእሳቱ አንሱት፣ ትንሽ ሲኒ ላይ ቀድታችሁ መልሱበት።

አተላው የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አጋድማችሁ ይስከን። ብዙ ሰው እዚህች ጋ ነው የሚሸነፈው፤ እንግዳው ሰዓቱን ያያል፣ ባለቤት ይጨንቀውና ጀበናውን ያነሳል፣ ቡናው ገና እየታመሰ ይቀዳል። ሌላው ምክንያት አፈጫጩ ነው። በጣም የላመ ቡና ቶሎ አይወርድም፣ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። ስትቀዱም ቀጥ ባለ አንድ ፈሰስ ቅዱ። በየሲኒው ጀበናውን ቀና ዘንበል ቀና ዘንበል ካደረጋችሁት ያሰከናችሁትን ራሳችሁ መልሳችሁ አደፈረሳችሁት።

ወተት ዞር ስል ይገነፍላል። ቆሜ ሳየው ግን አይፈላም።

ያያችኋል። ከምር ግን፣ ወተት ሲሞቅ ፕሮቲኑና ስቡ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። እንፋሎቱ ከሥሩ ይታፈንና ሽፋኑን ይዞት ይነሳል። የእንጨት ማንኪያ ድስቱ አፍ ላይ አግድማችሁ ብታስቀምጡ አረፋው ሲነካው ይሰበራል። ለትንሽ ጊዜ ያግዛል። ስልክ አንስታችሁ ሳሎን ከሄዳችሁ ግን ማንኪያውም ተስፋ ይቆርጣል።

የአልጫ ጠብታ ነጠላዬ ላይ ወደቀ። በሳሙና ሳሸው ቀይ ሆነ! ምን ሆኖ ነው?

አትደንግጡ፣ ደም አይደለም። የእርድ ቀለም ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይቀየራል፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ስታደርጉበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ይህን ያወቅኩት የወንድሜ ልጅ ክርስትና ላይ ነው። አክስቴ አዲስ ጥበብ ነጠላዋ ላይ የፈሰሰውን አልጫ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሳሙና ስታሸው በአንድ ጊዜ ቀላ፤ «ጉድ ሆንኩ» ብላ የጮኸችው ጩኸት ሳሎን ድረስ ተሰማ፣ ሰው ሁሉ ወድቃ ተሰበረች ብሎ ሮጠ።

የእርድ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው። ዘይቱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አስለቅቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ እርጥቡን ነጠላ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አስጡት። ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። አንድ ቀን ካልበቃው ይደገም። ቀይ ወጥ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ የበርበሬው ቀለም ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ መጀመሪያ ውሃ አታስነኩት። ደረቁ ላይ የዕቃ ሳሙናውን አድርጋችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ፣ ከዚያ ውሃ።

የገዛሁት ማር ረጋ። ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት ነው?

መርጋቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ንጹህ ማር ይረጋል፣ ውስጡ ያለው ግሉኮስ ቀስ በቀስ ክሪስታል ስለሚሠራ ነው። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ደግሞ ያፋጥነዋል። የትግራይ ነጭ ማር ረግቶ ነው የሚወደደው። ማቅለጥ ከፈለጋችሁ ዕቃውን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ እሳት ላይ አትጣዱት። በክብሪት አቃጥሎ፣ በወረቀት ላይ አንጠባጥቦ የመሞከር ነገር አለ። ክብሪቱ የሚነግራችሁ ስለ እርጥበቱ ነው፣ ስለ ስኳሩ አይደለም።

ዱቄቱና ምስሩ ውስጥ ነቀዝ ገባ። ከየት መጣ?

ብዙውን ጊዜ አብሮ ነው የተገዛው። እንቁላሉ እህሉ ውስጥ ሆኖ ይመጣል፣ ቤታችሁ ሲሞቀው ይፈለፈላል። ስለዚህ ቤቱን ብታጥኑትም ዋጋ የለውም። አዲስ የገዛችሁትን ትንሽ ትንሽ ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን ብታቆዩት ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። ከዚያ ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ። ለስድስት ወር የሚበቃ ነገር መግዛት ለትልቅ ቤተሰብ ያዋጣል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ግን የሚገዛው ለነቀዝ ነው።

ድስቱ አረረ። ወጡን ማዳን ይቻላል?

አታማስሉት! የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው። ላይ ላዩን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ ታቹን አትንኩ። ድስቱ ብረት ከሆነ ውሃና ሶዳ አፍሉበት፣ ይላቀቃል። የተለመደው የአሉሚኒየም ድስት ከሆነ ግን ሶዳ ያጠቁረዋል። በሱ ፋንታ የሎሚ ልጣጭ ከውሃ ጋር አፍሉበት።

ረቡዕና ዓርብ የትኛው ማንኪያ የጾም እንደሆነ መለየት ያቅተናል።

ይህ የስንቱን ቤት ሰላም ይነሳል። የጾም ወጡ ደርሷል፣ አንድ ሰው ቅቤ የነካ ማማሰያ ይዞ ይመጣና አንድ ጊዜ ያማስልበታል። በቃ። እማማ ለእንጨት ዕቃ አይራሩም፤ «እንጨት ቅቤ ይጠጣል፣ ታጥቦ አይለቅም» ይላሉ፣ ልክም ናቸው። የእሳቸው ቤት የፍስክ ማማሰያዎች እጀታቸው ላይ ቀይ ክር ታስሮባቸዋል። እኔም ቀዳሁት። ክር ካሰርኩ ወዲህ ጭቅጭቁ ቆመ ማለት ይቻላል፣ ከሁዳዴ 55 ቀን በኋላ ክሩ የትኛውን እንደሚያመለክት እስክንረሳ ድረስ። የመፍጫውን ማሽን ጆግም አትርሱ፤ የክዳኑ ጎማ ሥር ቅቤ ይደበቃል።

ውሃ በፈረቃ ነው። ቧንቧ ከፍቼ እተኛለሁ፣ ሌሊት ይመጣና ቤቱ ይጥለቀለቃል።

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ በሌሊት በሬን ያንኳኳው ለዚህ ነበር። ጣሪያው ላይ የነበረውን ቅርጽ በስልኩ አንስቶ አሳየኝ፣ የአፍሪካ ካርታ ይመስላል።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው፦ ሲንኩ ውስጥ ምንም ዕቃ አልተውም፣ ጨርቅ ደግሞ በፍጹም፤ ፍሳሹን የሚዘጋው እሱ ነው። ቧንቧውን በስሱ ብቻ እከፍትና ከሥሩ የተገለበጠ የብረት ሳህን አኖራለሁ። ውሃው ሲመጣ ሳህኑ ይንጣጣል፣ እነሳለሁ፣ ጀሪካኖቹን እሞላለሁ። ሮቶ ያላችሁ ተንሳፋፊ ቫልቭ አስገጥሙና ተኙ። መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ቡናማ ስለሚሆን ለመጠጥ አትቅዱት፣ ለወለል ይሁን።

ቤት ውስጥ ቡና በቆላሁ ቁጥር የጭስ ማንቂያው ይጮሃል።

ይህ የእህቴ ጥያቄ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አንድ ጊዜ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል፣ እሷ መቁያ ይዛ። ባትሪውን መንቀል መፍትሔ አይደለም፤ አንድ ቀን እውነተኛ እሳት ይመጣል። ምድጃው ላይ ያለውን አየር መሳቢያ ቀድማችሁ አብሩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በረንዳ ካለ እዚያ ቁሉ። ጭሱን ሰው ያሽት ብላችሁ የቆላችሁትን ይዛችሁ ቤቱን ስትዞሩ በማንቂያው ሥር አትለፉ።

የከሰሉ ነገር ግን ቀልድ የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። እዚህም በክረምት ቤት እንዲሞቅ ብለው ምድጃውን አስገብተው የሚተኙ አሉ። ለዕጣኑም ቢሆን በሩ ክፍት ይሁን፣ ሲያበቃም ከሰሉ ይውጣ።

የዕቃዎቹ ክዳን የት ነው የሚሄደው?

አላውቅም። አሥራ አንድ የፕላስቲክ ዕቃና አራት ክዳን አለኝ፣ ከአራቱ ሁለቱ ከማንም አይገጥሙም። የአይስክሬም ባልዲውን ስከፍት ሽሮ ነው። የሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ውስጥ ኮረሪማ። ወጥ በዕቃ ለሰው ከላካችሁ ዕቃው ተመልሶ እንደማይመጣ አስባችሁ ላኩ።

ላይኛው ፎቅ ያሉት እሁድ ጠዋት በአንድ ሰዓት በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ምን ልበላቸው?

መጀመሪያ ምንም አትበሉ። ጠላ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ፍራፍሬ። ወሬው መሀል ላይ ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ምንጣፍ ወይም የመኪና ጎማ ቁራጭ ቢደረግ ድምፁ እንደሚቀንስ ጣል አድርጉ፤ የኮንክሪት ወለል ምቱን ቀጥታ ስለሚያወርደው ከጆሮ ይልቅ በአልጋው እግር በኩል ነው የሚሰማው። ብዙ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለዚሁ ለመውቀጥ፣ ለመጋገርና ለበግ ማረጃ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት አለ። ብዙ ጊዜ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም እንጂ።

እኔ ላይኞቹን ለማናገር ሁለት ሳምንት ስዘጋጅ ነበር። ከዚያ አንድ እሁድ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እየወቀጥኩ ሳለ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ሲመታ ሰማሁ። ያው የአፍሪካ ካርታ ሰውዬ ነው። አሁን ጎማ ገዝቻለሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን ሰላምታው አሁንም አጠር ያለ ነው።